የጎልድ ካርድ ለጅማ ሰው ምን ይሠራል?

ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ በሼባማይልስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለደንበኞቹ በበረሩት ማይል ደረጃ በሚሰጥበት ፕሮግራም፣ ጎልድ ካርድ ለማግኘት አትድከሙ። ቅድሚያ መሳፈር የሚባለው ነገር እዚህ አይታይም። ጅማ የምትመጣው ባለፕሮፔለሯ ኪው 400 ናት፣ በእግር ሄደን ነው የምንሳፈረው፣ ቀድሞ የገባውም መጨረሻ የገባውም አብሮ ይነሳል። በረራው ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ማይሉም አይገፋም። ጅማ አዲስ አበባ በአየር 160 ማይል ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ዋሽንግተን ግን ከ7,000 ያልፋል። በጅማ በረራ ማይል ቆጥሮ ጎልድ ለመግባት ማሰብ በመርፌ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ካርዱ የሚጠቅመው ወደ ውጭ ስትሄዱ ነው። ከጅማ ቀን ገብታችሁ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካው በረራ ሌሊት ከሆነ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ብረት ወንበር ላይ ከመቀመጥ ቦሌ ላውንጅ (ልዩ የመንገደኞች ማረፊያ) ገብቶ መብላት፣ ስልክ ቻርጅ ማድረግና እግር ዘርግቶ ማረፍ በጣም ይለያል። አንድ ሰው ይዞ መግባት ይቻላል። እናቴን ይዤ ገባሁ፤ የጅማ ሰው የኤርፖርት ቡና ያመሰግናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፣ እሷ ግን ሁለተኛ አስደገመች።

ለእኔ ግን ከላውንጁ የሚበልጠው ኪሎው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስታር አሊያንስ፣ ማለትም የብዙ አገር አየር መንገዶች ኅብረት፣ አባል ስለሆነ፣ ጎልድ ያለው ሰው በአባል አየር መንገዶች ተጨማሪ 20 ኪሎ ወይም አንድ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ቡናው፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ የጎረቤት «ይቺን ብቻ ለልጄ» የምትባል ፌስታል፣ ሁሉም ይገባል። ሚዛን ላይ ሻንጣ ከፍቶ በሰው ፊት እቃ መቀነስ የለም።

ላውንጅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አውሮፓ አንዱ ጋ ካርዴን አሳይቼ «ሞልቷል፣ ጠብቅ» ተብዬ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ስገባም የጠበቀኝ ደረቅ ዳቦና ቺዝ ነበር። ከጎልድ በታች ያለውን ሲልቨር ካርድ ይዛችሁ ደግሞ በሌሎቹ የስታር አሊያንስ አየር መንገዶች ላውንጅ እገባለሁ ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ያ የጎልድ ነው።

ይዛችሁ የምትገቡት ሰውም አብሯችሁ የሚበር መሆን አለበት። ሸኚ አይገባም። የእኛን ሸኚ ብዛት ስለማውቅ ነው ቀድሜ የምናገረው።