ለኖርፎክ መዝገብ ቤት ሠራተኞች ምስጋና፣ የድሃ ገበሬ የዘር ሐረግ ለምትቆጥሩም ጥቆማ

ኖርዊች ከተማ፣ ማርቲኖ ሌን ላይ ላለው የኖርፎክ ካውንቲ መዝገብ ቤት የንባብ ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም ፍሪቢኤምዲ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማውጫ) እና ፍሪሬግ (የአጥቢያ መዝገብ) የሚባሉትን ድረ ገጾች ከአሮጌ መዝገብ ላይ በነጻ እየገለበጡ ላቆሙት በጎ ፈቃደኞች፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግሊዝ አገር ለምትኖሩና ልጆቻችሁ በአንድ ወገን እንግሊዛዊ ለሆኑ ወገኖች ደግሞ ይህ ጥቆማ ይድረሳችሁ። በእኛ በኩል ሰባት ቤት በቃል ይቆጠራል። በዚያኛው በኩል ሰውየው የቅድመ አያቱን ስም ላያውቅ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ድሃ ገበሬ ምን ሰነድ አለው?» ይባላል። ኑዛዜም የመሬት ውልም የለውም፣ እውነት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ ከ1601 ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድሆች ከነዋሪው በሚሰበሰብ ግብር የመርዳት ግዴታ ነበረበት። የ1662ቱ ሕግ ደግሞ ድሃ ሁሉ የሚጠየቅበት አንድ አጥቢያ እንዲኖረው አደረገ። ስለዚህ አንድ የእርሻ ሠራተኛ ታምሞ ወይም ሥራ አጥቶ እርዳታ ሲጠይቅ ሹሞቹ አስቀድመው የሚያጣሩት «የማን ነህ?» የሚለውን ነበር። ግብር ከፋዩ የሌላ አጥቢያ ድሃ እንዳይወድቅበት ስለሚፈራ ሁሉን ነገር ያስጽፋል። መካከለኛ ኑሮ ያለው ጎረቤቱ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብሩ ብቻ ሲመዘገብ፣ ድሃው የሕይወት ታሪኩን በዳኛ ፊት ቃል ሰጥቶ አስጽፎ አልፏል።

እዚያ ለመድረስ ግን ከቅርቡ ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ ነው። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ፍሪቢኤምዲ ላይ ስሙን ስትፈልጉ ዓመት፣ ሩብ ዓመት፣ ወረዳ፣ ቅጽና ገጽ ይሰጣችኋል። ኖርፎክ እስከ 1851 ቅጽ 13፣ ከ1852 ጀምሮ ደግሞ «4ቢ» ነው፤ ሌላ ቁጥር ካያችሁ ምናልባት ሌላ ካውንቲ ውስጥ ገብታችኋል። ወላጆች ለማስመዝገብ 42 ቀን ስለነበራቸው የዲሴምበር ልጅ በማርች በሚያልቀው ሩብ ዓመት ሊገኝ ይችላል። የእናት የቀድሞ የቤተሰብ ስም በፍሪቢኤምዲ ከ1911 በፊት አይገኝም፤ የመንግሥቱ የምዝገባ ጽሕፈት ቤት የራሱ ማውጫ ግን ከ1837 ጀምሮ ያሳያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንግሊዛዊት ሴት ስታገባ ስሟ ስለሚቀየር ዱካዋ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። በእናቲቱ ስም ቦታ ሰረዝ ብቻ ካለ ልጁ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ መሆኑን ጠርጥሩ። እስከ 1875 ላላስመዘገበ ወላጅ ቅጣት ስላልነበረ ምንም ያልተመዘገበ ልጅም አለ።

ስም የሚዘረዝረው የሕዝብ ቆጠራ ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ነው። የ1841ዱ ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ከ15 ዓመት በላይ ያለው ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት እንዲጻፍ ታዝዞ ስለነበር 39 የሆነው 35 ተብሎ ይገኛል። ዝምድና አልተጻፈም፣ የትውልድ ቦታም «በዚሁ ካውንቲ፣ አዎ ወይም አይደለም» ብቻ ነው። የምትፈልጉት የ1851ዱ ነው፤ አጥቢያው ይጻፋል፣ ዝምድናም ይታወቃል።

እዚህ ላይ የንባብ ክፍሉ ሠራተኞች እውቀት ዋጋው ይታያል። ቆጣሪው የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ ኖርፎክ ውስጥ ደግሞ የሚጻፈውና የሚነገረው አይገናኝም። «ዋይመንድሃም» ተብሎ የተጻፈው ሲነገር «ዊንደም» ነው፤ «ሃፒስበርግ» የሚመስለው «ሄይዝብራ» ነው። ካርታ ላይ የሌለ መንደር ያገኘ ሰው ጮክ ብሎ አንብቦ ለአገሬው ሰው ቢያሰማ ይሻለዋል። የቤተሰብ ስምም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ መጻፍ ስለማይችል በመስቀል ምልክት ይፈርማል፣ ቄሱ ደግሞ እንደ ጆሮው ይጽፋል። በመጀመሪያው ፊደል ላይ «ኤች» መኖር አለመኖሩን ሁለቱንም ሞክሩ።

የአጥቢያ መዝገቦች በመዝገብ ቤቱ ማውጫ «ፒዲ» በሚል ምልክት ተቀምጠዋል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1813 ጀምሮ በታተመ ቅጽ ስለሚሞሉ ክርስትናው የአባትን ሥራና መኖሪያ፣ ቀብሩ ደግሞ ዕድሜን ይይዛል። ክርስትናውን አግኝታችሁ ከመደሰታችሁ በፊት የቀብሩን መዝገብ እስከ አሥር ዓመት ድረስ እዩ። ሕፃን ሲሞት ተከታዩን በዚያው ስም መጥራት የተለመደ ስለነበር በሞተ ልጅ ላይ ዘር የቆጠረ ብዙ ነው። ክርስትና ጠፍቶ ከቀረ ቤተሰቡ ወደ ፕሪሚቲቭ ሜቶዲስት (ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የተለየ የፕሮቴስታንት ጉባኤ) ሄዶ ይሆናል፤ በኖርፎክ የእርሻ ሠራተኞች ዘንድ በጣም ተስፋፍቶ ነበር፣ መዝገቡም በአጥቢያ ሳይሆን ብዙ ጸሎት ቤቶችን በሚያቅፍ ወረዳ ነው የተያዘው።

አሁን የድሆች ወረቀት ወዳለበት የአጥቢያ ሣጥን። ትልቁ ሰነድ የመኖሪያ መብት ምርመራ የሚባለው ነው። አንድ ገጽ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ በሁለት ዳኞች ፊት የተሰጠ ቃል ነው። ዕድሜ፣ የት እንደተወለደ፣ የአባቱ አጥቢያ፣ ከየትኛው ገበሬ ዘንድ ለስንት ጊዜና በስንት ደመወዝ እንደተቀጠረ፣ የት እንዳገባ፣ የልጆቹ ስምና ዕድሜ፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ወረቀት። ሙሉ ዓመት የተቀጠረ ያላገባ ሰው በዚያ አጥቢያ መብት ያገኝ ስለነበር ብዙ ገበሬዎች ሆን ብለው ለ51 ሳምንት ብቻ ይቀጥሩ ነበር። ይህን ካላወቃችሁ ሰውየው ለምን እንደዚያ ሳምንት እየቆጠረ እንደተናገረ አይገባችሁም። ይህ መንገድ በ1834 ለአዲስ ተቀጣሪ ተዘግቷል። ሚስት ደግሞ የባሏን አጥቢያ ትወርሳለች፤ ባሏ የሞተባት ሴት አይታው ወደማታውቀው መንደር ከነልጆቿ ስትባረር ታገኛላችሁ።

ምርመራውን የሚከተለው የማስወጣት ትእዛዝ ነው። ቅጂው በላኪውም በተቀባዩም አጥቢያ ይቀራል፤ ስለዚህ በአንዱ ቢጠፋ በሌላው ፈልጉ። አጥቢያዎቹ ከተካሰሱ ጉዳዩ በዓመት አራት ጊዜ በሚቀመጠው የካውንቲው የሩብ ዓመት ችሎት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ መዝገቡ ያለ ሐፍረት «ዲቃላ» ይላል። የአባቱን ስም ግን ከክርስትናው ይልቅ ልጁን እንዲቀልብ ባስገደደው ማስያዣ ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከ1844 በኋላ ደግሞ እናቲቱ ራሷ በምታቀርበው የወረዳ ችሎት አቤቱታ። የልጁ መካከለኛ ስም የሰው የቤተሰብ ስም ከመሰለም አትለፉት።

አንድ ወጥመድ አለ። በሚትፎርድና ላውንዲች አካባቢ አጥቢያዎች ተባብረው ከ1834 በጣም ቀደም ብለው፣ በ1775፣ በራሳቸው ሕግ እንደ ማኅበር ተቋቁመዋል፤ ግሬሰንሃል ያለው ትልቅ የድሆች ሕንጻም የዚያ ውጤት ነው፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። በዚያ አካባቢ የድሃ ወረቀት የጠፋ የሚመስለው አጥቢያው ውስጥ ስለሚፈለግ ነው፤ የማኅበሩን መዝገብ ጠይቁ። አጥቢያዎችን በኅብረት ካደራጀው ከ1834ቱ የድሆች ሕግ በኋላ ለተቋቋሙት የአጥቢያ ኅብረቶች ደግሞ የአስተዳዳሪዎቹን ቃለ ጉባኤ፣ የወርክሃውሱን (ድሆች እየሠሩ የሚቀለቡበትን ቤት) የመግቢያና የመውጫ መዝገብ ጠይቁ። የመግቢያው መዝገብ ካልተረፈ ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት «ኤምኤች 12» የሚባለው የደብዳቤ ስብስብ አለ፤ በስም ያልተደራጀ ብዙ ጥራዝ ስለሆነ ኅብረቱንና ዓመቱን ሳታውቁ አትግቡበት። ቤተሰቡ ከ1836 አካባቢ ድንገት ከጠፋም ሞቷል አትበሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ብዙ የኖርፎክ ድሆች በአጥቢያቸው ወጪ ወደ ካናዳ ተሳፍረዋል።

ለሠራተኞቹ ስትጽፉ «የባለቤቴን ቤተሰብ ፈልጉልኝ» አትበሉ፤ ያ ሥራ በክፍያ ነው፣ መልሱም ይዘገያል። ስሙን ከነአጻጻፍ ልዩነቱ፣ አጥቢያውን፣ የዓመቱን መጀመሪያና መጨረሻ፣ ያያችኋቸውን ሰነዶች ቁጥር ጻፉና «የዚህ አጥቢያ የድሆች ወረቀት ከየት እስከየት ተርፏል?» ብላችሁ ጠይቁ። ችሎታቸው የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው፤ የትኛው ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ ለይተው ይነግሯችኋል። ሰነዱን አስቀድማችሁ እዘዙ፣ አድራሻ ያለበት መታወቂያ ያዙ፣ እስክሪብቶ ቤት ተዉትና እርሳስ ይዛችሁ ግቡ። በጽሑፉ ላይ «ኤፍኤስ» የሚመስል ነገር ካያችሁ «ኤስኤስ» ነው፤ የያኔው የረጅም ኤስ አጻጻፍ ነው።