ዘጠኝ ወር የለበስኩት የሞተር ጃኬት

ጃኬቱን የገዛሁት ለመንገድ ነው። ያስመረረኝ ግን ደረጃ መውጣት ነው።

የእኔ ጉዞ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ሳይነጋ እነሳለሁ። ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ ይዤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እነዳለሁ። ረፋድ ላይ አንዲት ጥንታዊ ትንሽ ከተማ እገባለሁ፤ ሞተሩን ከግንቡ ውጭ አቆምና በእግሬ እዞራለሁ። ማታ ቤቴ ነኝ። በዘጠኝ ወር ውስጥ 14 ጊዜ እንዲህ ወጥቻለሁ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ጃኬቱ ውርጩንም፣ ዝናቡንም፣ የቀትሩንም ፀሐይ ቀምሷል።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ጨርቁ ወፍራም ናይለን ነው። ኢኤን 17092 በሚባለው የአውሮፓ የሞተር ልብስ መለኪያ «ኤኤ» ደረጃ አለው። ቀድሞ አስፋልት የሚነካው የልብሱ ክፍል በዚህ ደረጃ የሚፈተነው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው፤ ለ«ኤኤኤ» 120 ነው። ከፍተኛውን ያልመረጥኩት ስለሚከብድ ነው። ለሽርሽር የሚነዳ ሰው ነኝ፣ ውድድር ላይ አይደለሁም።

ትከሻና ክርኑ ላይ ያሉት መከላከያዎች ደረጃ 2 ናቸው። ደረጃ 1 ሲመታ በአማካይ እስከ 35 ኪሎኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ወደ ሰውነት እንዲያሳልፍ ይፈቀድለታል፤ ደረጃ 2 ግን ከ20 መብለጥ የለበትም። ጀርባው ላይስ? ኪስ ብቻ፣ ውስጡ ባዶ! የጀርባውን ለብቻው ገዝቼ ከተትኩ። ከመክፈላችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱ። እኔ አልዳበስኩም።

የክርኑን መከላከያ ዋጋ ያወቅሁት በሦስተኛው ወር ነው። የወደቅሁት ደግሞ ተራራው ላይ አይደለም። ከተማዋ በር ላይ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት! የድሮ ከተማ ድንጋይ ንጣፍ ዘመናት የረገጡት ስለሆነ ልሙጥ ነው፤ ካፊያ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። እኔ ሞኙ መሪውን ዞር አድርጌ የፊት ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ በግራ ጎኑ ጋደም አለ፣ እኔም አብሬው። ክርኔ ድንጋዩን ሲመታ ድምፁን ሰማሁ፣ ሕመሙን ግን አልሰማሁትም። ጨርቁ ላይ የቀረው የጥፍር ጭረት የምታህል ምልክት ናት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ስደርስ መሪውን ቀጥ አድርጌ በኋላ ፍሬን ብቻ ነው የምቆመው።

ብርዱን በደንብ ይመክታል። አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ያልተሸፈነ ገላ ላይ 4 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። በተነቃይ ሞቃት ገበሩ ንጋቱን ሳልንቀጠቀጥ አልፌዋለሁ።

ዝናብ ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ውሃ የማያሳልፈው ስስ ሽፋን ያለው ከውጭው ጨርቅ ጋር ተጣብቆ ሳይሆን ከገበሩ ጋር ነው። ስለዚህ ገላዬ ደረቅ ነው፣ የላይኛው ጨርቅ ግን ውሃውን ይጠጣል። ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱም አይደርቅም። አምስተኛው ወር ላይ ደግሞ ጠብታውን ከላዩ ማንሸራተቱን ጭራሽ ተወ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማለስለሻ ባለው ሳሙና ሳጥበው ኖሬያለሁ። መከላከያዎቹን አውጥቼ ለእንዲህ ዓይነት ጨርቅ በተሠራ ሳሙና አጠብኩት፤ ውሃ የሚያንሸራትተውን መርጫ ደግሜ ነፋሁበትና ተመለሰ፣ እንደ አዲሱ ባይሆንም።

አሁን ወደ ደረጃ መውጣቱ። ደረቱና ጀርባው ላይ የአየር ማስገቢያ ዚፖች አሉት። ሞተር ላይ ሆኜ ስከፍታቸው ነፍስ ይዘራሉ። ቆሜ ግን ከንቱ ናቸው፤ ነፋሱን የሚያመጣው መንዳቱ ነውና። እነዚህ ከተሞች ደግሞ ጠላት እንዳይገባ ተብለው ኮረብታ ላይ የተሠሩ ይመስል ሁሉም ነገራቸው ከላይ ነው፦ ግንቡም፣ ማማውም፣ ቤተ መዘክሩም። ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ጃኬት ለብሶ፣ ሄልሜት ክንድ ላይ አንጠልጥሎ በቀትር ደረጃ መውጣት ጉብኝት ሳይሆን ቅጣት ነው። ሁለት ጊዜ ማማው ሥር ደርሼ ተመልሻለሁ።

መላ የመታሁት በስድስተኛው ጉዞ ነው። ባለ ቁጥር ቁልፍ የብረት ገመድ ገዛሁ። በጃኬቱ እጅጌና በሄልሜቱ አገጭ በኩል አሳልፌ ከሞተሩ ጋር አስረዋለሁ፣ ስስ ጫማ ቀይሬ ቀለል ብዬ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን የሄልሜቱን አንገት ወደ ላይ አድርጌ ክፍቱን ትቼው ሄድኩ፤ ዘነበበት። ስመለስ ውሃ የያዘ ባልዲ ነው የጠበቀኝ። አሁን ገልብጬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ነው የማስረው።

በጥራቱ በኩል ያሳዘነኝ የዋናው ዚፕ መሳቢያ ነው፤ ሰባተኛው ወር ላይ ተሰበረ። የሸጠልኝ ሱቅ «ይህ ዋስትና ውስጥ አይገባም» አለኝ። የቁልፍ ቀለበት አስገባሁበት፤ እንዲያውም በጓንት ለመያዝ ከበፊቱ ይሻላል።

ብርድና ነፋስ ለሚበዛበት መንገድ ደግሜ እገዛዋለሁ። ለበጋው ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ጃኬትና ከላይ የሚደረብ የዝናብ ልብስ እያየሁ ነው፤ ሁለቱም ተጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ያቺን ሁለቴ የተመለስኩባትን ማማ በዚያ ነው የምወጣት።