አስተማሪ በአቅራቢያው ለሌለው ጀማሪ፦ ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው የኦንላይን ቺጎንግ ኮርስ የትኛው ነው?

ቺጎንግ ዝግ ያለ እንቅስቃሴን፣ አተነፋፈስንና ትኩረትን አንድ ላይ የሚያሠራ የቻይና የጤና ልምምድ ነው። ቤይጂንግ ወይም ሻንጋይ የሚኖር ጀማሪ በማለዳ ወደ መናፈሻ ወጥቶ ከሚሠሩት አረጋውያን ኋላ ቢቆም መምህር አያጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ጂምና ኤሮቢክስ የሚያሠራ፣ ዮጋም የሚያስተምር ሰው ይገኛል እንጂ ቺጎንግን በመደበኛነት የሚያስተምር አፈላልጌ አላገኘሁም፤ ከዋና ከተማው ውጭ ለሚኖር አንባቢማ ያለው አማራጭ ስልኩ ብቻ ነው። ይህ ግምገማ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ጀማሪ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ትምህርቱ ራሱ በነጻ ይገኛል፤ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እርማቱ ነው። ስለዚህ የተማሪውን አቋቋም አይቶ የሚያርም ሰው የሌለበት ኮርስ፣ አቀራረቡ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ለጀማሪ ውድ ነው እላለሁ።

ኮርስ ከመምረጥ በፊት የሚማሩትን የእንቅስቃሴ ስብስብ መምረጥ ይቀድማል። በቺጎንግ ስም የሚጠሩት ልምምዶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ቆመው የሚሠሩት፣ ተቀምጠው የሚሠሩት፣ የነብርንና የዝንጀሮን እንቅስቃሴ የሚከተሉት፣ ምንም ሳይንቀሳቀሱ መቆምን ብቻ የሚጠይቁትም አሉ። ሥረ መሠረታቸው ሩቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ቻንግሻ ከተማ ከሚገኘው የማዋንግዱይ መቃብር የወጣው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከሟቹ ጋር የተቀበረው የሐር ሥዕል 44 ሰዎችን በልዩ ልዩ የሰውነት አቋም ያሳያል። ዛሬ በምናውቀው መልክ የጤና ተቋም ትምህርት የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ሊዩ ጉዌይዠን የተባሉ ሰው በሄቤይ ግዛት በመሯቸው ማገገሚያዎች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ልምምዱ በመላው ቻይና ሲስፋፋ ተአምር አድራጊ ነን የሚሉ መምህራንም አብረው በዙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፋሉን ጎንግ የተባለው፣ ቺጎንግን ከመንፈሳዊ ትምህርት ጋር ያጣመረ ንቅናቄ በቻይና ከታገደ በኋላ የመንግሥት ቁጥጥር ጠበቀ፤ የአገሪቱ የስፖርት አስተዳደርም ጥንታዊ ስብስቦችን አስጠንቶ አራቱን ወጥ በሆነ መልክ በ2003 አወጣ። ይህ ታሪክ ለጀማሪ ተጨባጭ ጥቅም አለው። ወጥ ሆኖ የወጣ ስብስብ የተማረ ሰው ኮርሱ ቢዘጋ ወይም መምህሩ ማስተማር ቢያቆም ሌላ መምህር ዘንድ ሄዶ ካቆመበት ይቀጥላል፤ አንድ ግለሰብ ራሱ ፈጥሮ በራሱ ስም የሚሸጠውን ስልት የተማረ ሰው ግን ከዚያ ድርጅት ጋር ታስሮ ይቀራል።

ከአራቱ መካከል ለጀማሪ የምመክረው ባ ዱዋን ጂንን ነው። ስምንት እንቅስቃሴዎች ብቻ አሉት፣ ከመነሻው እስከ መዝጊያው 12 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ከአንድ ምንጣፍ ብዙም ያልሰፋ ቦታ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ጣቶችን አቆላልፎ መዳፍን ወደ ሰማይ መግፋት፣ ሁለተኛው ቀስት እንደሚስብ ሰው ክንድን ወደ ጎን መዘርጋት፣ የመጨረሻው ተረከዝን አንስቶ ሰባት ጊዜ ወደ መሬት መልቀቅ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ኮርሶችም ማንም ሊሠራው እንደሚችል ተናግረው ያልፉታል። አምስተኛው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እግርን በሰፊው ከፍቶ፣ ፈረስ ላይ እንደተቀመጡ ጉልበትን አጥፎ፣ የላይኛውን አካል ወደ ጎንና ወደ ፊት እያዞሩ ራስንና መቀመጫን በተቃራኒ አቅጣጫ ማወዛወዝን ይጠይቃል። ክብደት ወደ አንዱ እግር ሲያመዝን የዚያ እግር ጉልበት ከጣቶቹ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የሚሠራው ሰው ራሱ ይህን አያየውም፤ ሕመሙም ወዲያው ስለማይመጣ ከምን እንደመጣ አያውቅም። ስድስተኛው ደግሞ ጎንበስ ብሎ እጅን እስከ እግር ማውረድ ስለሆነ የወገብ ዲስክ ሕመም ላለበት ወይም የደም ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው እንዳለ የሚሰጥ አይደለም። በዚህ ምክንያት አንድን ኮርስ ስመዝን መጀመሪያ የምከፍተው አምስተኛውንና ስድስተኛውን ትምህርት ነው። መምህሩ ስለ ጉልበት አቅጣጫ ተናገረ? ወንበር ላይ ተቀምጦ መሥራት እንደሚቻል አሳየ? ጎንበስ ሲባል እጅ ጉልበት ላይ ቢቀር በቂ እንደሆነ ገለጸ? ይህን ያልነገረ መምህር ሌላው ትምህርቱ ቢያምርም ለጀማሪ አላምነውም።

ሁለተኛው መመዘኛዬ የካሜራው አቀማመጥ ነው። ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ መምህር ግራው በእኛ ቀኝ በኩል ይውላል፤ አንዳንዱ ተማሪውን ለማገዝ ሲል ግራ እያለ ቀኙን ያነሳል፣ አንዳንዱ የራሱን ግራ ያነሳል፣ በአንድ ኮርስ ውስጥ ሁለቱን የሚቀላቅልም አለ። ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ የተቀረጸ ትምህርት ይህን ችግር ያስወግዳል፤ በተለይ ከጀርባ የተቀረጸው መምህሩን ከኋላው ቆሞ እንደመከተል ስለሆነ ለጀማሪ ትልቅ ዕረፍት ነው። ከዚሁ ጋር ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቶ መሞከር ይገባል። ለመገምገም የከፈትኳቸው ኮርሶች በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በቤታችን ግን እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናቶችና አባቶች ከማንም በላይ ይህን ልምምድ ይፈልጉታል። ድምፁ ተዘግቶ እንቅስቃሴው መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ ትንፋሽ እንደሚሳብና እንደሚወጣ ከሰውነቱ የሚነበብ መምህር ለእነሱም ይሆናል።

በነጻ ከሚገኙት መካከል በእንግሊዝ አገር የሚኖሩት ሚሚ ኩዎ-ዲመር በዩቲዩብ ያቀረቡትን የባ ዱዋን ጂን ትምህርት አስቀድማለሁ። ንግግራቸው የተረጋጋ፣ ፍጥነታቸው ለአዲስ ሰው የሚመች ነው። የቻይና የጤና ቺጎንግ ማኅበር ቪዲዮዎች በአንጻሩ ማብራሪያቸው ደረቅ ነው፤ ነገር ግን እንቅስቃሴውን በመጀመሪያ መልኩ ለማየት የሚበልጣቸው አላገኘሁም፣ በሌላ ኮርስ የተማሩትን ለማመሳከርም እጅግ ጠቃሚ ናቸው። በጀርመን ኦተርበርግ የሚገኘውን የአውሮፓ ሻዎሊን ቤተ መቅደስ የሚመሩት ሺ ሄንግ ዪ አጫጭር የቺጎንግ ትምህርቶቻቸው በብዙ ሰዎች የሚታዩ ናቸው። ሥርዓታቸውና ጥንካሬያቸው ያነሳሳል፤ ይሁንና አቋቋማቸው የማርሻል አርት ሰው አቋቋም ስለሆነ ጉልበቱ ለጠነከረ ወጣት እንጂ ዕድሜው ለገፋ ጀማሪ አልመርጣቸውም።

ክፍያ ከሚጠይቁት ውስጥ ብዙዎቹ በወር ከ15 እስከ 30 ዶላር የሚያስከፍሉ የቪዲዮ ስብስቦች ናቸው። በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የታወቁት ሊ ሆልደን ለእንቅልፍ፣ ለወገብ፣ ለጭንቀት እያሉ አጫጭር ልምምዶችን አዘጋጅተዋል፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ያመቻሉ፣ ሆኖም ጀማሪን ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው እያዘዋወሩ አንዱንም በቅጡ ሳያጠና ሊያቆዩት ይችላሉ። ያንግ ጅዊንግ-ሚንግ ከፐርዲዩ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በቦስተን የራሳቸውን ማኅበር የመሠረቱ መምህር ናቸው። የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ምክንያት እንደ መሐንዲስ በትነው ያስረዳሉ፤ ቪዲዮዎቻቸው ያለ ወርኃዊ ደንበኝነት አንድ በአንድ መገዛታቸውን እጅግ ወድጄዋለሁ። በሚኒሶታ የሚገኘው የቹንዪ ሊን ስፕሪንግ ፎረስት ቺጎንግ እንቅስቃሴዎቹ በጣም ቀላል ስለሆኑ ለታመመና ለደከመ ሰው አይከብድም፤ ነገር ግን በኢነርጂ መፈወስን ጭምር የሚያስተምር ስለሆነ የሰውነት እንቅስቃሴን ብቻ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ዋጋው ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር የተመጣጠነ ሆኖ ያገኘሁት የአንድ ለአንድ የዙም ትምህርት ነው። በቪዲዮ ስምንቱን እንቅስቃሴዎች በቃሌ ካጠናሁ በኋላ ከአንዲት አውሮፓዊት መምህርት ጋር የተወሰኑ ክፍለ ጊዜዎችን ወሰድኩ። ገና ሳንጀምር ስልኩን ከጠረጴዛ ላይ አውርጄ በርጩማ ላይ እንዳስቀምጠው፣ ከራስ ጠጉሬ እስከ ተረከዜ እስክታየኝ ድረስም ወደ ኋላ እንድሸሽ ጠየቀችኝ፤ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ እንድሰበስብም ነገረችኝ። መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከጎን አሠራችኝ። እጆቼን ወደ ላይ ስገፋ ትከሻዎቼ ወደ ጆሮዎቼ አብረው እንደሚወጡ፣ የጎድን አጥንቶቼም ወደ ፊት እንደሚገፉ ከጎን ስታይ ነገረችኝ፤ አንድ መዳፌን የታችኛው የጎድን አጥንቴ ላይ አስቀምጬ በሌላው ብቻ እንድገፋ አደረገችና ልዩነቱን ወዲያው በሰውነቴ አወቅሁት። የቱም የተቀረጸ ቪዲዮ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር። ስለ አተነፋፈስ ስጠይቃትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽን ከእንቅስቃሴ ጋር ለማስማማት ሳልታገል በአፍንጫ እንደልማዴ እንድተነፍስ መከረችኝ።

የቀጥታ ትምህርት ሲመርጡ ሰዓቱን ማስላት ያስፈልጋል። በብርዱ ወቅት በኒው ዮርክ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የሚሰጥ ክፍል እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል፤ በዚያው ወቅት በለንደን ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚጀምረው ግን እዚህ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ስለሚውል ይመቻል። በርካታ ተማሪዎች በአንድ ላይ የሚገቡበትን የቡድን ክፍል በተመለከተ መምህሩ በስም እየጠራ ማረም አለማረሙን ከመክፈል በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሃምሳ ትንንሽ ሳጥን ባለበት ስክሪን ላይ የማንም ጉልበት አይታይም።

ስለ ተስፋ ቃሎች በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው። ቺጎንግ ሚዛን ለመጠበቅ፣ ለእንቅልፍና ለደም ግፊት ሊጠቅም እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ የብዙዎቹ ጥራት ግን ደካማ ስለሆነ የሐኪም ሕክምናን የሚተካ አድርጎ ማቅረብ ሰውን መጉዳት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ኮርስ ከስኳርና ከካንሰር እፎይታን ቃል እየገባ የዕድሜ ልክ ጥቅል በከፍተኛ ዋጋ ሊሸጥልኝ ሞከረ፤ ስለ መድኃኒት ስጠይቅም ሰውነቴ ራሱ እንደሚነግረኝ መለሱልኝ። የስኳር ታማሚ መድኃኒቱን እንዲያቆም የሚገፋፋ እንዲህ ያለ መልስ ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል ኮርሱን ለመተው ከዚህ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። "ማስተር" የሚለው ማዕረግም በዓለም አቀፍ ደረጃ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ስለሌለ ማንም ለራሱ ሊለጥፈው እንደሚችል መታወቅ አለበት። በተጨማሪም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ከመጠን ያለፈ የቺጎንግ ልምምድን ተከትሎ የሚመጣ የአእምሮ ቀውስ ተመዝግቧል። ቀደም ሲል የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ለሰዓታት የሚቆይ ተመስጦን ወይም ትንፋሽ መያዝን ያለ መምህር መጀመር የለበትም። አጭርና ለስላሳ የሆነው የባ ዱዋን ጂን ልምምድ ከዚህ ዓይነቱ የራቀ ነው።

ብዙ ወዳጆቼ ልምምዱ ከእምነታቸው ጋር ይጋጭ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ጥያቄው ሊናቅ አይገባም። ከዳዎና ከቡድሃ እምነት ጋር የተያያዙ፣ ጸሎት መሰል ቃልና ምናባዊ ሥዕል የሚጠይቁ የቺጎንግ ስልቶች አሉ። የስፖርት አስተዳደሩ ያወጣቸው ስብስቦች ግን እንደ ሰውነት ማጎልመሻ የሚሠሩ ናቸው፤ አምልኮ አይጠይቁም። ኮርሱ ስለ ተመስጦ ምን እንደሚያስተምር በሙከራ ጊዜው አይቶ መወሰን የእያንዳንዱ ሰው ነው።

ስለ አከፋፈሉ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን በየወሩ በራሱ የሚታደስ ደንበኝነት ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚከፈልበትን መምረጥ ይሻላል፤ ያለበለዚያ ተማሪው ትምህርቱን ካቆመ በኋላም ከዘመዱ ካርድ ገንዘብ መቆረጡ ይቀጥላል። ቪዲዮውን ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየት የሚፈቅድ ኮርስ ዳታ ይቆጥባል፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜም ልምምዱን አያስተጓጉልም። እንግዲህ ያለኝን ገንዘብ እንደገና ባወጣው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም ሳልከፍል ከሚሚ ኩዎ-ዲመር ጋር እሠራለሁ፤ ከዚያ ሁለት የአንድ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እገዛለሁ፣ የመጀመሪያውን ወዲያው፣ ሁለተኛውን እርማቱን በቅጡ ከተለማመድኩት በኋላ። መምህሩ የክፍለ ጊዜውን ቀረጻ ይልክልኝ እንደሆነም ሳልከፍል በፊት አረጋግጣለሁ።