ቮልስ፣ ሴይቼንቶ ወይስ ላዳ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ አገደ። ስለዚህ ዛሬ አሮጌ ትንሽ መኪና ያማረው ሰው መምረጥ የሚችለው አገር ውስጥ ታርጋ ይዘው ከቆዩት መካከል ነው። አዲስ አበባ ላይ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሦስት ናቸው፦ ቮልስ፣ ፊያት 600 (ሴይቼንቶ የምንላት) እና ላዳ። ሦስቱንም ነድቻለሁ፣ ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ለሁሉም ሰው ግን አይሆኑም።

ሰው ገና መኪናውን ሲያይ "ሞተሩ ወርዷል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ነው ቀድሜ የምጠይቀው። ሞተር በገንዘብ ይሠራል፤ የተበላሸ ወረቀት ግን ዓመታት ይፈጃል። በነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ሊብሬው በሟች አባት ስም መቅረቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ወራሾቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት አለባቸው፤ ከልጆቹ አንዱ ብቻ ቀርቦ "የአባቴ ነው፣ ውሰደው" ቢላችሁ አትውሰዱ። ሌላው ወጥመድ ውክልና ነው። መኪናው ስሙ ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይቆያል፤ ወካዩ ከሞተ ግን ውክልናው አብሮት ያበቃል። ሻጩ ውልና ማስረጃ ፊት ቀርቦ ራሱ መፈረም የሚችል ሰው ይሁን፤ እዳና እገዳ አለመኖሩም ከዚያ በፊት ይጣራ።

ከዚያ ቁጥሮቹን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ቮልስ ላይ የሻንሲው ቁጥር የኋላ መቀመጫው ሲነሳ መሃል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። የሞተሩን ቁጥር የምታገኙት ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ አንድ ጎበዝ መካኒክ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ አውርዶ ሌላ ይሰቅላል፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስንቴ እንደተቀየረ መገመት ነው። የተቀየረው ሞተር ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ችግሩ የሚመጣው እናንተ ላይ ነው። ሻጩ "ቀላል ነው፣ ይስተካከላል" ካለ ገንዘቡን ሳይቀበል ያስተካክለው።

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ቮልስን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የካርቡሬተር ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ውኃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቮልስ ጉልበቱን እንደማንኛውም ያጣል፤ የሚፈላ ውኃ ግን የለውም። ራዲያተር የለ፣ የሚቀደድ የውኃ ጎማ የለ። በምትኩ ሁሉም ነገር በአንዲት ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ) ላይ ተንጠልጥሏል፦ ዲናሞውን የምታዞረው እሷ ነች፣ ማራገቢያውም ዲናሞው ላይ ነው ያለው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራት ከበራ ቺንጊያዋ ተበጥሳ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አቁሙ። "ትንሽ ልንዳና እዚያ አቆማለሁ" ያለ ሰው ሞተር ያወርዳል።

ስትገዙ ለላሜራው ተጠንቀቁ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫው ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ልታዩ መቀመጫውን ስታነሱ ባትሪው የተቀመጠበትን ቦታም በጣት ጫን ጫን አድርጉት። ቆርቆሮ ተለጥፎ ቀለም ከተቀባ ድምፁ ይናገራል። ከኋላ ኮፈኖውን ከፍታችሁ የቤንዚን ጎማዎቹን እዩ። የደረቀ ጎማ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ እሳት ይነሳል፤ የሞተሩ አካል ደግሞ ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ጎማው ርካሽ ነው፤ በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩት፣ እሳት ማጥፊያም ከአጠገባችሁ አይጥፋ።

ትዝታውም ከቮልስ ጋር ይበዛል። የድሮዎቹ የቤንዚን ጌጅ አልነበራቸውም፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር በእግር የሚገፋ ቧንቧ ወደ መጠባበቂያው ይዞር ነበር። ቧንቧውን ቀድሞ አዙሮ የረሳ ሹፌር በጀሪካን ነዳጅ ፍለጋ ይሄዳል። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ የሚረጨው በስኮርታ ጎማው አየር ነው፤ ጎማው ከተነፈሰ መስታወቱም አይታጠብም። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለችው ጉድጓድ ደግሞ የልጆች ነበረች፤ እኔና ታናሽ እህቴ እዚያ ተጣጥፈን ሞተሩ ከጆሯችን ሥር እየተንደቀደቀ እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን አዛውንቶቹ ሳያነሱ አያልፉም።

ለዓመታዊ ምርመራ ቮልስን የሚያስቸግረው መብራትና ፍሬን ነው። የቆዩት 6 ቮልት ስለሆኑ የፊት መብራታቸው ደብዛዛ ነው፤ 12 ቮልት የሆነውን ብትመርጡ ይሻላል። ፍሬኑ በአብዛኞቹ አራቱም እግር ላይ የሸራ ነው። ሸራው እኩል ካልተስተካከለ አንዱ ጎን ይይዛል፣ ሌላው ይለቃል፤ የምርመራ ማሽኑም ይህን ወዲያው ያሳብቃል። ከቦሎ በፊት ፍሬኑን ማስተካከል ክፍያውም ትንሽ፣ ጥቅሙም ትልቅ ነው። የደህንነት ቀበቶ ከሌለው አስገጥሙ። መለዋወጫ አያሳስብም፤ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስለተመረተ ዕቃው አሁንም ሶማሌ ተራ ይገኛል።

ሴይቼንቶ ሌላ ዓይነት ፍቅር ነው። ርዝመቷ 3.2 ሜትር ብቻ ነው፤ ቮልስ አራት ሜትር ያልፋል። ፒያሳ ላይ ሌላው ሰው ቦታ ሲፈልግ እሷ በሁለት መኪና መሃል ትሸጎጣለች። መጀመሪያ የመጡት በሮቻቸው ወደ ኋላ የሚከፈቱ ነበሩ፤ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትወርድ የነበረውን መሳቀቅ እናቶቻችን ያውቁታል። ነገር ግን ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ራዲያተሩም ነፋስ ከፊት በማያገኝበት እዚያው ከሞተሩ ጎን ተቀምጧል። በእኛ ከፍታ ሽንቁር ያለበት የራዲያተር ክዳን ይዞ ዳገት መውጣት ማለት መንገድ ዳር ቆሞ እንፋሎት ማየት ነው። ጣሊያን ማምረቱን በ1969 እ.ኤ.አ. ስላቆመች ዕቃ ፈላጊው ዩጎዝላቪያ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ወዳመረተችው ዛስታቫ 750 ይዞራል፤ ብዙው ክፍል አንድ ነው። የሚያውቃት መካኒክ ሳታገኙ አትግዟት። ታናሿ ፊያት 500 ደግሞ በ499 ሲሲ ሞተሯ 18 ፈረስ ጉልበት ብቻ አላት፤ የእኛ አየር ሩቡን ሲወስድባት ምን እንደሚቀር አስሉት። እሷ ሌላ መኪና ላለው ሰው የእሑድ መጫወቻ ናት።

ላዳ ትንሽ አይደለም፤ ርዝመቱ ከቮልስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቤተሰብ ላለውና በየቀኑ ለሚነዳ ግን የሚመች እሱ ነው። የፊያት 124 ዝርያ ቢሆንም ሶቪየቶች ላሜራውን አወፍረውታል፤ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ስለሆነ ከሦስቱ ቦሎ የሚቀለው እሱ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ባትሪ ሲደክም በማኑቬላ፣ ማለትም በእጅ በሚዞር ብረት፣ ይነሳል፤ ቮልስን ግን ጎረቤት ጠርቶ መግፋት ነው። ማሞቂያው ለሞስኮ በረዶ የተሠራ ስለሆነ በሚያዝያ ካልተዘጋ እግር ያቃጥላል።

ብዙዎቹ ላዳዎች ታክሲ ሆነው ኖረዋል፤ ሰማያዊና ነጩ ቀለም ቢለወጥ እንኳ ወንበሩና የበሩ ማጠፊያ ስንት ሰው እንደተሸከሙ ይመሰክራሉ። ከቀለሙ ይልቅ ግን ታርጋውን እዩ። ኮድ 1 ከሆነ መኪናው በታክሲነት ተመዝግቧል ማለት ነው፤ ለቤት ልትነዱት ካሰባችሁ ወደ ኮድ 2 ማዛወሩን፣ የቀረጡንም ሁኔታ ከመንገድ ትራንስፖርት ጋር የሚጨርሰው ሻጩ መሆኑን ውሉ ላይ አስገቡ፤ ቀብድ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።