ኤለመንተር ወይስ የዎርድፕሬስ ብሎክ ኤዲተር?

ብሎክ ኤዲተሩ (ገጹን ብሎክ በሚባሉ ክፍሎች እየገነቡ የሚያዘጋጁበት መሣሪያ) ከድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕሬስ 5.0 (እ.ኤ.አ. 2018) ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው። ኤለመንተር ለብቻው የሚጫን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ሲሆን፣ እየጎተቱ ለመንደፍ ከብሎኩ ይልቅ ለእጅ ይቀላል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ችግር ሲፈጠር ነው። ኤለመንተር በማያልቅ «በመጫን ላይ» ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የፒኤችፒ ሜሞሪውን (ድረ ገጹ ሰርቨሩ ላይ እንዲጠቀም የተፈቀደለትን የማህደረ ትውስታ መጠን) ይዩ፤ ከ256 ሜጋባይት ካነሰ ከፍ ያድርጉት። አሁንም እምቢ ካለ ኤዲተሩን ያለ ቲሙ (የድረ ገጹ መልክ) እና ያለ ሌሎች ፕለጊኖች የሚከፍተውን ሴፍ ሞድ ያብሩ። በዚያ ከከፈተ ጥፋቱ የቲሙ ወይም የሌላ ፕለጊን ነውና አንድ በአንድ እያጠፉ ይለዩት። ኤዲተሩ ላይ ያማረው ገጽ ለጎብኚ ተዝረክርኮ ከታየ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌ የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስን) ፋይል ቀርቷል ማለት ነው፤ ከኤለመንተር ቱልስ ፋይሎቹን አጽድተው ካሹንም (ለፍጥነት የተቀመጠውን የገጹን ቅጂ) ያጥፉ።

ብሎክ ኤዲተሩ ላይ «ያልተጠበቀ ይዘት» የሚል መልእክት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኤችቲኤምኤሉ (ገጹ የተጻፈበት ኮድ) በእጅ ሲነካካ ነው። የመልሶ ማግኛ ቁልፉ ያስተካክለዋል፤ ግን በእጅ የጨመሩትን ሊያጠፋ ስለሚችል ቀድመው ኮፒ ያድርጉት። ሴቭ ሲሉ የጄሶን ስህተት (ኤዲተሩ ከሰርቨሩ ትክክለኛ ምላሽ አላገኘም የሚል መልእክት) ከመጣ የገጾቹ አድራሻ የሚወሰንበት ፐርማሊንክ ሴቲንግ ገብተው ምንም ሳይቀይሩ ሴቭ ይበሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል።

ለዓመታት ለሚቆይ ድረ ገጽ ብሎኩ ይሻላል፦ ኤለመንተርን ያጠፉ ዕለት ጽሑፉና ምስሉ ቢቀርም አቀማመጡ ይፈርሳል።