አስራ አንድ ፊደል ጀርባ ላይ፦ የሌዋንዶውስኪን ማሊያ መግዛት ላሰባችሁ

ከአንድ ዓመት በላይ ስለለበስኩት ማሊያ ነው የምጽፈው። የባየርን ሙኒክ የ2019/20 ቀዩ ማሊያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ጀርባው ላይ 9 ቁጥርና የፖላንዳዊው አጥቂ የሮበርት ሌዋንዶውስኪ ስም ያለበት። ባጭሩ፣ ግዙት። ግን ኮፒውን አትግዙ።

መጀመሪያ እኔ የገዛሁት ኮፒውን ነበር። አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ በ1,400 ብር ባዶውን ወስጄ ስሙን እዚያው አሳተምኩ። የሚያትመው ልጅ እንደሰማው ጻፈው። ደብሊው በሁለቱም ቦታ ቪ ሆና ወጣች። ይህ ስም ላይ ስህተቱ በቀላሉ ይመጣል፣ ምክንያቱም ፖላንዶች ራሳቸው ሲጠሩት ሌቫንዶፍስኪ ነው የሚሉት፣ ሲጽፉት ግን በደብሊው ነው። እኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ኮሜንታተሮች እንደለመድነው ሌዋንዶውስኪ እንላለን። ስለዚህ የምታሳትሙ ከሆነ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ። በላቲን ፊደል አስራ አንድ ነው። ኤስ ሳይዝ ላይ ከብብት እስከ ብብት ነው የሚሞላው፣ ያኔ ፊደሎቹን ያጠቡና ያጨናንቋቸዋል። በሦስተኛው እጥበት ደግሞ መላጥ ጀመረ። ሱቁ መልሱልኝ ብል ሊሰማኝ አልፈለገም።

ኦሪጅናሉን ያገኘሁት በአክስቴ ልጅ በኩል ነው። ሙኒክ ነው የሚኖረው። ያገለገለ ግን ንጹህ አግኝቶ በ55 ዩሮ ገዛልኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። የኦሪጅናሉ ጨርቅ ቀላል ነው፣ ላብ አይዝም፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ደግሞ እንደ ባየርን ስታዲየም እንደ አሊያንዝ አሬና ግድግዳ የተሠራ የዳይመንድ ቅርጽ አለበት። ኮፒው ላይ ይሄ ቅርጽ በቀለም የተቀባ ነው የሚመስለው። የስሙ ህትመት እስካሁን አንድም ቦታ አልተነሳም። የማጥበው ገልብጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ ነው። ካውያ አላስነካውም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለተጫዋች የሚሠራውና ለደጋፊ የሚሸጠው ይለያያል። የተጫዋቹ ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል ነው፣ ትንሽ ሆድ ካላችሁ የደጋፊውን ውሰዱ።

ለምን የዚህን ዓመት ማሊያ መረጥኩ? በዚያ ዓመት ሰውዬው 47 ጨዋታ ተጫውቶ 55 ጎል አገባ። በሊጉ 34፣ በጀርመን ዋንጫ 6፣ በቻምፒየንስ ሊግ 15። በሦስቱም ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፣ ባየርንም ሦስቱንም ዋንጫ ወሰደ። በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሊዝበን ላይ ፒኤስጂን 1 ለ 0 ያሸነፉት ባዶ ስታዲየም ውስጥ ነው፣ በነሐሴ 2020፣ በኮሮናው ጊዜ። የዓለም ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ወርቃማ ኳስ፣ ባሎን ዶርን፣ ግን አዘጋጆቹ ገና ፍጻሜው ሳይደርስ ሰርዘውት ነበር። ፊፋ የዓመቱ ምርጥ ብሎ መረጠው፣ ያ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ወርቃማዋ ኳስ በቤቱ የለችም። በቀጣዩ ዓመት ሜሲ ቀደመው፣ ሁለተኛ ወጣ። ሜሲ ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ የ2020ው ይገባው ነበር ብሎ ተናገረለት። ይህን እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ጫፍ ላይ በደረሰበት ዓመት ሽልማቱ ራሱ ሲጠፋ ምን ይባላል? ለእኔ ይሄ ማሊያ የዚያ ዓመት ማስታወሻ ነው።

ደግሞ ልፋት ስል ዝም ብዬ አይደለም። አባቱ የጁዶ ስፖርተኛ ነበር፣ ልጁ 16 ዓመቱ ላይ ሞተ። በዓመቱ ሌጊያ ዋርሶ የሚባለው ክለቡ ተጎድቶ የነበረውን ልጅ አሰናበተው። ከዚያ ፕሩሽኩፍ ወደምትባል ከዋርሶ ጎን ያለች ከተማ፣ ዝኒች ወደሚባል ትንሽ ክለብ ሄደ። ሦስተኛ ሊግ ነው። ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ሁለተኛ ሊግ አደጉ፣ እዚያም ሆነ። ሌህ ፖዝናን የሚባለው የአንደኛው ሊግ ክለብ ወሰደው፣ በ2010 የፖላንድ ሻምፒዮን ሆነ፣ እዚያም ኮከብ ጎል አግቢ። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ በአንድ ነው የወጣው፣ የዘለለው ደረጃ የለም። በዚያው ዓመት ብላክበርን የሚባለውን ክለብ ለማየት ወደ እንግሊዝ ሊሄድ ሲል የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ በረራውን ሁሉ አስቆመ። ቀረ። የጀርመኑ ዶርትሙንድ ገባ።

የዶርትሙንድን ቢጫ ማሊያ ጓደኛዬ አለው፣ ተውሼ ለብሼዋለሁ። ያምራል። ቢጫ ላይ ጥቁር ስም በደንብ ይነበባል፣ ከሩቅ ለመታየት ከቀዩ ይሻላል። የሚያስታውሰኝ ሚያዝያ 2013ን ነው፣ ከሪያል ማድሪድ ጋር የተደረገውን የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3፡45 ላይ ነበር የጀመረው፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ በማድሪድ ደጋፊ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ሌዋንዶውስኪ ብቻውን አራት አገባ። 4 ለ 1። ሦስተኛዋ ጎል ላይ ኳሷን በእግሩ ስር ወደኋላ ጎተት አድርጎ፣ ዞሮ፣ ጣሪያው ስር ሲሰካት ቤቱ ውስጥ አንድም ድምፅ አልነበረም።

ባየርን የሄደው በ2014 በነፃ ነው። የዶርትሙንድ ደጋፊ ቢናደድ አልፈርድበትም። መስከረም 22 ቀን 2015 በፈረንጆቹ፣ ከቮልፍስቡርግ ጋር፣ ከእረፍት በኋላ ተቀይሮ ገባ፣ ባየርን 1 ለ 0 እየተመራ ነበር። ከ51ኛው እስከ 60ኛው ደቂቃ አምስት ጎል። የባየርን አሰልጣኝ የነበረው ጋርዲዮላ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ። አምስተኛዋን ቪዲዮ ላይ ፈልጋችሁ እዩ፣ ኳሷ አየር ላይ እያለች በጎን ተጋድሞ ነው የመታት።

የ2020/21 ማሊያም ጥሩ ምርጫ ነው። የቀድሞው የባየርን አጥቂ ጌርድ ሙለር በ1971/72 በጀርመን ሊግ ያገባው 40 ጎል፣ የአንድ ዓመት ሪከርድ ሆኖ ለ49 ዓመት አልተነካም ነበር። ሌዋንዶውስኪ በጉዳት ጨዋታዎች አምልጠውት፣ በ29 ጨዋታ 41 አገባ። 41ኛዋ የመጣችው በመጨረሻው ጨዋታ፣ በ90ኛው ደቂቃ ነው። 40ኛዋን ሲያገባ ከማሊያው ስር የሙለር ፎቶ ያለበት ቲሸርት ለብሶ ነበር። ሙለር በዚያው ክረምት አረፈ። ለዚህ አክብሮቱ ሰውዬውን ከጎሉ እኩል ነው የምወደው።

የባርሴሎናውን እንደ ማሊያ ብዙም አልመክረውም። ቀይና ሰማያዊው መስመር ላይ ረጅሙ ስም ይጠፋል። ስሙ ጎልቶ እንዲታይ ለምትፈልጉ ማለቴ ነው፣ ሰውዬውማ እዚያም ሥራውን ሠርቷል። በመጀመሪያ ዓመቱ በ23 ጎል የስፔን ሊግ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ ዋንጫ ወሰደ፣ በ36 ዓመቱ ደግሞ ብሬስት ላይ የቻምፒየንስ ሊግ 100ኛ ጎሉን አስቆጠረ። ከእሱ በፊት እዚያ የደረሱት ሮናልዶና ሜሲ ብቻ ናቸው።

የቀረኝ የፖላንዱ ነው። ነጭ፣ ደረቱ ላይ ንስሩ ያለበት፣ የ2022 የኳታሩ ዓለም ዋንጫ። ከሜክሲኮ ጋር ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ኦቾዋ አዳነበት። ለአገሩ ከሰባ በላይ ጎል ያገባ ሰው በዓለም ዋንጫ አንድም አልነበረውም። ከአራት ቀን በኋላ ሳዑዲ ላይ በ82ኛው ደቂቃ አገባ። 34 ዓመቱ ነው። መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ የቡድን ጓደኞቹ መጥተው ተከመሩበት። እኔም እቤቴ ሆኜ እንባዬ መጣ። ያንን ማሊያ ኦሪጅናሉን፣ ኤም ሳይዝ፣ ስሙ በትክክል የታተመበት ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ያገለገለም ቢሆን እገዛዋለሁ።