ሁለት ወር የምሽት ፈረንሳይኛ ተምሬ «እወዳለሁ» ማለት ቻልኩ

የምሠራው ካዛንቺስ በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ ከዳካርና ከአቢጃን የሚመጡ እንግዶች ክፍሎቻችንን ይሞሏቸዋል። የካቲት ላይ አንድ ሴኔጋላዊ አዛውንት «ዤም ል ካፌ» ቢሉኝ ያዘዙኝ መስሎኝ ቡና አፍልቼ አቀረብኩላቸው። ለካ ሰውዬው ቡና እንደሚወዱ እያጫወቱኝ ኖሯል፤ ሐኪም ከከለከላቸው ቆይቷል። በዚያው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሄጄ ተመዘገብኩ።

ሰላምታው፣ ቁጥሩ፣ የሳምንቱ ቀናት እንደ የትም ነው። ለገንዘቤ ያላዘንኩት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው፤ መውደድንና ማስበለጥን የሚያስተምረው። አራት ምሽት ፈጀ፤ ስምንትም ቢሆን አይሰለቸኝም ነበር።

መጽሐፉ ግን ያናድዳል። ደብዛዛ ፎቶ ኮፒ መሆኑ ሳያንስ ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ለመውረድ በመገናኛ እንደ መዞር ማለት ነው። «ቲዩ ም ማንክ» የሚለውን ተማሪ የሚያሳስት ግልብጥ አነጋገር ነው ብሎ ግማሽ ገጽ ያብራራል። ለእኛ ምኑ ግልብጥ ነው? «ናፍቀኸኛል» ስንል የግሱ ባለቤት አንተ ነህ፣ እኔ ተሳቢ ነኝ፤ ፈረንሳይኛውም ይኸው ነው። «ሳ ም ፕሌ»ም ቁርጥ «ደስ ይለኛል» ነው።

ደግነቱ መምህሩ መጽሐፉን መዝጋት ያውቁበታል። አንድ ምሽት ሰሌዳው ላይ «ዠ ቴም» ብለው ጻፉና ለማን እንደምንለው ጠየቁን። እኛ ለወዳጅ «እወድሃለሁ»፣ ለፍቅረኛ ሲሆን ደግሞ «አፈቅርሃለሁ» የምንልበት ሁለት ግስ አለን፤ እነሱ «ኤሜ»ን ለሁለቱም ይጠቀሙበታል። ሰውን በተመለከተ ምንም ያልተጨመረበት «ዠ ቴም» ነው የሚከብደው። «በደንብ» ማለት የሆነው «ቢያን» ሲከተለው ወደ ወዳጅነት ይወርዳል፤ «በጣም» ማለት የሆነው «ቦኩ» እንኳ ያቀዘቅዘዋል። ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ራሷን ያዘች። ለካስ ብራሰልስ ላለው እጮኛዋ ፍቅሯ የሚጠነክር መስሏት ሦስት ወር ሙሉ «ዠ ቴም ቢያን» እያለች ስትጽፍለት ከርማለች። መምህሩ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

የእኔም የቡና ጣጣ እዚያው ተፈታ። «ል ካፌ» ቡና በጠቅላላው ነው፤ «ዱ ካፌ» ደግሞ ስኒ ውስጥ የሚቀዳው። የሚወዱትን ሲናገሩ «ል» አይቀርም፣ አልወድም ሲሉም ያው ነው። አዛውንቱ ቡና ቢፈልጉ ኖሮ «ዠ ቩድሬ ዱ ካፌ» ይሉኝ ነበር።

ቅር ያለኝ «ፕሬፌሬ» ላይ ነው። ሻይን ከቡና የሚያስበልጥ ሰው «ዠ ፕሬፌር ል ቴ ኦ ካፌ» ይላል። እኔ «ከ» የምጠብቅበት ቦታ ላይ «ለ»ን የሚመስል ቃል ስለሚመጣ ዛሬም አፌ ይተሳሰራል። ይህን የመሰለ እንቅፋት ሦስት ምሳሌ ሰጥቶ ማለፍ አይገባም ነበር። ሃያ ሁለት ሆነን ስለምንማር ደግሞ በአንድ ምሽት ከሁለት ጊዜ በላይ ተራ አይደርስም፤ መስኮቱ ሲከፈት የታክሲ ረዳቶች ጩኸት መምህሩን ይውጣቸዋል።

ቢሆንም ለሁለተኛው ደረጃ ከፍያለሁ፤ የሚያስተምሩን እኒያው መምህር መሆናቸውን አስቀድሜ ጠይቄ። መጽሐፉን ግን አልገዛሁም፣ ከጓደኛዬ እዋሳለሁ።